«ለዝርዝር እይታ ተመራ»



አብነት ሳድግ አባቴ የእድር ገንዘብ ያዥ ነበር። ጎረቤቶች ደብተሩን ሲመረምሩበት ቅር ብሎት አያውቅም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴዎች እንዲያቋቁም፣ የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ሰጥቶታል። በዋናው ኦዲተር ግኝት ላይ መሥሪያ ቤቶችን የሚጠይቀው ቋሚ ኮሚቴ ነው። ረቂቅ አዋጅንም መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው።

እኛ ግን በዜና «ለዝርዝር እይታ ተመራ» ሲባል ቻናል እንቀይራለን። ሥራው የሚጀምረው እኮ እዚያ ነው! እኔ ራሴ አንዴ ለውይይት ተጋብዤ «ምን ሊለወጥ» ብዬ ቀረሁ፤ አዋጁ ሲወጣ ከመርካቶ ነጋዴዎች ጋር አብሬ አማረርኩ።

ሕግና ሒሳብ የምታውቁ ሁሉ፣ ረቂቁን አንብቡ፣ አስተያየታችሁን በጽሑፍ አስገቡ። እድርተኛ ደብተሩን የሚያየው ገንዘቡ ሳያልቅ ነው።