ናዳ ሲወርድ ለእርዳታ የሚሮጥ ሰው

(በክረምቱ መግቢያ በቁረይሻ ለመጠለያ ጣቢያው ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ ሜዳ ላይ ቆሞ ስለ ተራራ ናዳ መናገር አንዳንዶቻችሁን ያስገርም ይሆናል። እዚህ ያለው ዋልካ ነው፤ ተራራ የለም። ሆኖም ብዙዎቻችን የደጋ ልጆች ነን። ዘመዶቻችን ዛሬም ከገደል ሥር ይኖራሉ።

ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከንቾ ሻቻ ጎዝዲ በሚባለው ቀበሌ ከከባድ ዝናብ በኋላ ናዳ ወርዶ ጥቂት ቤቶችን ቀበረ። በማግሥቱ ጠዋት ጎረቤቱ፣ መምህሩ፣ የጤና ሠራተኛው፣ የቀበሌው አስተዳዳሪ ሳይቀር የተቀበሩትን ለማውጣት ተሰበሰቡ። በመቆፈር ላይ ሳሉ ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ለእርዳታ የመጡት ናቸው። በዚያው ክረምት በሰሜን ጎንደር ጠለምት ወረዳም ናዳ ሰው ገደለ። ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ ሱዳን ውስጥ፣ በጀበል መራ፣ ታራሲን የተባለችው መንደር በናዳ ጠፋች።

ሁለተኛው ናዳ የሚመጣው ለምንድን ነው? ውኃ የጠገበ አፈር ይከብዳል፤ ከሥሩ ካለው ዐለት ጋር ያለው መያያዝም ይላላል። የታችኛው ክፍል ሲሄድ የላይኛው ደጋፊ አጥቶ ይቀራል። ዝናቡ ቢያባራም ውኃው ወደ ውስጥ መስረጉን አይተውም። በአውሮፓ ተራሮች በጸደይ ወራት የሚወርደው የበረዶ ናዳም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ፀሐይ በረዶውን ስታቀልጠው ውኃው በውስጡ ገብቶ ያላላዋል። እዚያ ነፍስ አድን ሠራተኞች ቁፋሮ ሲጀምሩ አንድ ሰው ሽቅብ እንዲመለከት ያቆማሉ። እኛ ግን ጩኸት ስንሰማ ሁላችንም አካፋ ይዘን እንሮጣለን። ይህ የወገን ፍቅር ነው፤ አልነቅፈውም። ግን ጎፋን አስቡ።

ስለዚህ ለዘመድ ስትደውሉ ይህን ንገሩልኝ። ከመንደር በላይ መሬት ከተሰነጠቀ፣ ዛፍ ካዘነበለ፣ ምንጭ በድንገት ከደፈረሰ ወይም ባልነበረበት ቦታ ከፈለቀ፣ የቤት በር ያለ ምክንያት አልዘጋ ካለ፣ በዚያ ሌሊት እዚያ ቤት አይታደር። ከብቱም ይውጣ። ናዳ ከወረደ በኋላ ደግሞ ጥቂት ሰዎች ብቻ ይቆፍሩ፣ ሌላው ከጎን ራቅ ብሎ ይቁም፤ ዓይኑ ደህና የሆነ አንድ ሰው ፊሽካ ይዞ ላይ ላዩን ይይ። ሲነፋ ሁሉም ወደ ጎን ይሩጥ፤ ወደ ታች የሮጠን ሰው ናዳው ይቀድመዋል።

እዚህም ቢሆን ለቤት ምርጊት አፈር የምንቆፍርበት የኾሩ ዳር ውስጡ ተቦርቡሮ እንደ ጣሪያ ተንጠልጥሏል። ልጆች ጥላ ፍለጋ ከሥሩ ሲቀመጡ አይቻለሁ። ዝናብ ሲጀምር ያ አፈር አይቆይም። ነገ ጠዋት ወጣቶች አካፋ ይዘን ከላይ ወደ ታች እየናድን ብናስተካክለው የአንድ ቀን ሥራ ነው። ልጆቹን ግን ዛሬውኑ ከዚያ አስነሡ።