በገዛ እጅ የሚሠራ መኖሪያ ቤትና የመሐንዲሱ ግዴታ



ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ የሚጓዝ ሰው፣ መሐንዲስ ያልነደፋቸው፣ ተቋራጭም ያልነካቸው ብዙ ቤቶች ይመለከታል። የሠሯቸው ባለቤቶቹ ናቸው። ባል ቋሚ ይተክላል፤ ሚስት ውኃ ትቀዳለች፣ ጭቃ ታቦካለች፤ ጎረቤት በደቦ ይመርጋል። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ቤቶቹ የቆሙበት አፈርና የሚወርድባቸው ዝናብ ግን ያው ነው።

ስለ ጭቃ ቤት ሲነሣ ብዙዎቻችን «ደካማ ነው» ብለን እናልፋለን። ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባው ባሕር ዛፍ የተቆረጠ ቀጥ ያለ ቋሚ፣ በላዩ የተመታ ማገር፣ የጤፍ ጭድ ገብቶበት በሚገባ የቦካ ጭቃ፣ በየጊዜው የሚታደስ ልስን፤ እነዚህ ተሟልተው የተሠራ ግድግዳ ለአሥርተ ዓመታት እንደሚቆም የአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች ይመሰክራሉ። ቤቱን የሚጥለው ጭቃው ሳይሆን እግሩ ሥር የሚተኛው ውኃ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። በአካባቢው በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይጥላል፤ አብዛኛውም በክረምት ነው። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ክዳን በዓመት 48,000 ሊትር ያህል ውኃ ይቀበላል ማለት ነው። አሸንዳ ከሌለ፣ የክዳኑም ጠርዝ አጭር ከሆነ፣ ይህ ሁሉ የሚወርደው በግድግዳው ሥር ነው። በመሬት የተቀበረው የቋሚ ጫፍ ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይከተላል። በሱሉልታ ሜዳና ከሰበታ በታች ባለው ረባዳ ደግሞ ኮትቻው በክረምት አብጦ ግድግዳውን ያነሣል፤ በበጋ ተሰንጥቆ ይለቀዋል። በቡራዩ ተዳፋት ያለው ችግር ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ነው።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ኮትቻውን ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ መተካትና መጠቅጠቅ፤ ከመሬት በላይ 50 ሳንቲ ሜትር የሚወጣ የድንጋይ መሠረት ሠርቶ ቋሚውን በዚያ ላይ ማሳረፍና ማሰር፤ ክዳኑን ከግድግዳው አርቆ ማውጣት፤ ከቤቱ በላይ ቦይ መቅደድ። አብዛኛው ገንዘብ ሳይሆን ጊዜ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ባለቤቱ ያጣው ግን ያንኑ ጊዜ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት መሬት እንደማይሸጥ ይደነግጋል፤ ስለዚህ ከገበሬ በውል የተገዛ ቦታ ሕጋዊ ይዞታ አይሆንም። ሌሊቱን ተሠርቶ ሲነጋ ቆሞ የሚገኘው ቤት «የጨረቃ ቤት» መባሉ በከንቱ አይደለም። ሰው ነገ ይፈርሳል ብሎ በሚሰጋው ቤት ሥር ድንጋይ አይቀብርም። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ በርካታ ቤቶች ሕገ ወጥ ተብለው ሲፈርሱ፣ ሥጋቱ ከንቱ አለመሆኑ ታይቷል።

ፈቃድ ለሌለው ቤት ምክር መስጠት ሕግን መተላለፍ ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ መሐንዲስ ሕግን ሊያስጥስ አይገባውምና። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ምክር «እዚህ አትሥሩ» የሚል ሊሆን ይችላል። ቦታው የጎርፍ መውረጃ ወይም ለመንገድ የተከለለ መሆኑን ቤተሰቡ ጥሪቱን ከማፍሰሱ በፊት የሚነግረው ባለሙያ፣ ሕጉንም ቤተሰቡንም ይጠብቃል። ዝምታ ግን ማንንም አይጠብቅም።

ስለሆነም ለማኅበሩ ሁለት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ስለ መሠረት፣ ስለ ክዳንና ስለ ቦይ የሚያስረዳ ሥዕል ያለበት አንድ ገጽ ጽሑፍ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተዘጋጅቶ ከበጋው ግንባታ በፊት ይታደል። ሁለተኛ፣ በገዛ እጁ ለሚሠራ ባለ ይዞታ ቀላልና ፈጣን የፈቃድ ሥርዓት እንዲወጣ ማኅበሩ ለከተማ አስተዳደሮች የሙያ አስተያየት ያቅርብ። ጊዜ ያገኘ ቤተሰብ ድንጋዩን ራሱ ይሸከማል፤ የት እንደሚያሳርፈው ማሳየት ግን የመሐንዲሱ ድርሻ ነው።