ከጕድጓድ የወጣ ድምፅ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ጥራጊ ነው። የጥንት አቴናውያን የጣሉትን የሸክላ ስባሪ ለመልቀም፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1931 ዓ.ም. ጀምሮ አጎራ በሚባለው ቦታ አፈር ሲቈፈር ኖሯል፤ ዛሬም አላለቀም። ቦታው ከአክሮፖሊስ ኰረብታ በስተሰሜን ምዕራብ ሲሆን፥ ገበያውም ፍርድ ቤቱም ምክር ቤቱም በዚያ ነበሩ።

ቍፋሮውን የያዘው በአቴና የሚገኘው የአሜሪካኖች የጥንታዊ ጥናት ትምህርት ቤት ነው፤ በመጀመሪያ ብዙውን ገንዘብ የሰጠው ባለጸጋው ታናሹ ጆን ሮክፌለር ነበር። ነገር ግን ቦታው ባዶ ሜዳ አልነበረም። ቭሪሳኪ የሚባል ሰፈር ነበረበት፤ ከ300 የሚበልጡ ቤቶች ተገዝተው ፈረሱ። የሙታኑን ከተማ ለማየት ሲባል ሕያዋኑ ወጡ ማለት ነው። ለቤቱ ዋጋ ተከፈለ፤ ለጕርብትናው ግን ማን ይከፍላል? እኔ በዚህ ነገር ልቤ እስከ ዛሬ አልረጋም።

ወደ ስባሪው ልመለስ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት አቴናውያን ኀይሉ በዛ ብለው የሚፈሩትን ሰው በድምፅ ለ10 ዓመት ከአገር ያስወጡ ነበር። ድምፅ ሰጪው የሰውየውን ስም በሸክላ ስባሪ ላይ ጭሮ ይሰጣል። ክስ የለ፥ ምስክር የለ፤ ንብረቱም አይወረስም።

በ1937 ዓ.ም. የዚሁ ትምህርት ቤት ሰው ኦስካር ብሮኒር በአክሮፖሊስ ሰሜናዊ ተዳፋት ሲያስቈፍር፥ ከአንድ የውሃ ጕድጓድ 190 ያህል ስባሪ አገኘ። የተጻፈባቸው ስም የቴሚስቶክሊስ ነው፤ ይኸውም በ480 ዓመተ ዓለም በሳላሚስ ባሕር ፋርሶችን ድል ያደረገው የጦር አለቃ ነው። ብዙዎቹ ስባሪዎች የጽዋ መቆሚያ ናቸው። ጽሕፈቱ ሲመረመር ግን የ14 ሰዎች እጅ ብቻ ሆኖ ተገኘ!

እንግዲህ ስሙ አስቀድሞ ተጽፎ ለመራጩ ሊታደል ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው። አንዳንዶች፥ መጻፍ ለማያውቁ ሰዎች የተደረገ ርዳታ ይሆናል ይላሉ። ፕሉታርክም አንድ መሃይም ገበሬ ስባሪውን ለአሪስቲዲስ ለራሱ አቅርቦ የአሪስቲዲስን ስም እንዲጽፍለት እንደ ለመነው ይተርካል። ይሁንና ርዳታ ከሆነ የሁሉም ስባሪ ስም ስለምን አንድ ሆነ? እኔ የጠላቶቹ ማኅበር ሥራ ነው እላለሁ፤ ሳይታደል የተረፈውን ከጕድጓድ ጣሉት። በምርጫ ሰሞን ስም የተጻፈበት ወረቀት በእጁ ያልተሰጠው ከመካከላችን ማን ነው?

ቴሚስቶክሊስ በኋላ ተሰደደ፤ የሞተውም በፋርስ ንጉሥ ግዛት፥ ድል ባደረጋቸው ሰዎች አገር ነው።

ጥያቄ ያለው ቢኖር በደስታ እቀበላለሁ።