ለሕፃናት የወጣው ደንብ ዐዋቂውን ሲነካ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ዛሬ የምናገርበት ርእስ ላይ ላዩን ሲያዩት የሕግ ዐዋቂዎች እንጂ የመሐንዲሶች አይመስልም። ነገር ግን ሕግ የጻፈውን በሥራ ላይ የሚያውለው ኮምፒዩተር ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩን የሚያዝዘው ደግሞ መሐንዲስ ከሆነ፣ ጉዳዩ እኛ ደጅ ደርሷል ማለት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ከአገራችን ዐዋጅ ቁጥር በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ማርሽ ፍጥነትን ቀንሶ ጉልበትን እንዴት እንደሚጨምር ለቴክኒክ ተማሪዎች ለማስረዳት፣ በልጅነታችን እንሠራት የነበረችውን የሽቦ መኪና ምሳሌ አድርጌ አንድ ፊልም አዘጋጀሁና በአንድ የቪዲዮ ማሠራጫ ላይ አወጣሁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ የሙያ ትምህርት ቤት መምህር ስሌቴ ውስጥ ስሕተት መኖሩን ከፊልሙ ሥር በትሕትና ጽፈው አመለከቱኝ። ተማሪዎችም በዚያው ተከራከሩበት። ኋላ ግን ስለ ሕፃናት ጥበቃ ደንብ የሚወራው ሲበዛ ፈራሁ። የሽቦ መኪና መጫወቻ ነውና፣ “ለሕፃናት የተሠራ” የሚለውን ምልክት በገዛ እጄ አደረግሁበት። ወዲያው የአስተያየቱ ቦታ ተዘጋ። የመምህሩ እርማት ከነክርክሩ ከተመልካች ዐይን ተሰወረ፤ የተሳሳተው ስሌቴ ግን እንዳለ ቀረ። ማንም አላስገደደኝም፤ ያስገደደኝ ፍርሃቴ ነው። የዛሬው ንግግሬ መነሻም ይኸው ፍርሃት ከየት እንደ መጣ መመርመር ነው።

የደንቡ ታሪክ በአጭሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1998 ዓ.ም. በኢንተርኔት ላይ የሕፃናትን ግላዊነት የሚጠብቅ ሕግ አወጣ፤ ሕጉም በ2000 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ፍሬ ነገሩ፣ ዕድሜው ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ልጅ የወላጅ ፈቃድ ሳይገኝ የግል መረጃ አይሰብሰብ የሚል ነው። በ2013 ዓ.ም. ደንቡ ሲሻሻል፣ ተመልካቹን ከቀን ወደ ቀን ለይቶ የሚከታተለው ኩኪ የተባለው መለያ ሳይቀር ከግል መረጃ ተቈጠረ። በሴፕቴምበር 2019 ዓ.ም. ጉግልና የእርሱ የሆነው ዩቲዩብ፣ ይህን ሕግ ጥሳችኋል ተብለው በአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንና በኒው ዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በቀረበባቸው ክስ 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ከክሱ ነጥቦች አንዱ፣ ድርጅቱ ለሕዝብ “አገልግሎቴ ለሕፃናት አይደለም” እያለ፣ ለመጫወቻ ፋብሪካዎች ግን በሕፃናት ዘንድ ያለውን ተወዳጅነት እየዘረዘረ ማስታወቂያ ይሸጥ ነበር የሚል ነው። ክሱ ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። የስድስት ዓመት ሕፃን የሚያየው ሁሉ ተመዝግቦ ለሻጭ እንደሚቀርብ ሊያውቅ አይችልምና፣ የሚጠብቀው ሕግ ያስፈልገዋል።

ችግሩ የመጣው ከአፈጻጸሙ ነው። ከጃንዋሪ 2020 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱ የቪዲዮ አዘጋጅ ሥራው ለሕፃናት የተሠራ መሆን አለመሆኑን እንዲያስታውቅ ታዘዘ። “ለሕፃናት ነው” ከተባለ፣ የተመልካቹን ጠባይ ተከትሎ የሚመጣው ማስታወቂያ ይቀራል፤ አስተያየት መጻፍ፣ በቀጥታ ሥርጭት ጊዜ መወያየት፣ አዲስ ሥራ ሲወጣ በደወል መጠራት፣ ቪዲዮውን በራስ ዝርዝር ውስጥ ማስቀመጥም አብረው ይቀራሉ። አዘጋጁ በቀድሞው ፈንታ የሚያገኘው ዋጋው ዝቅ ያለውን፣ ከይዘቱ ጋር ብቻ የሚዛመደውን ማስታወቂያ ነው። “ለሕፃናት አይደለም” ብሎ ከተሳሳተ ደግሞ፣ በጊዜው ሕጉ የሚፈቅደው ከፍተኛ ቅጣት ለአንድ ጥፋት 42,530 ዶላር ነበር፤ ኮሚሽኑም የቪዲዮ አዘጋጆች ራሳቸው በኀላፊነት ሊጠየቁ እንደሚችሉ አስታውቋል።

የሙያ ባልደረቦቼ፣ ይህን በፊውዝ እንመዝነው። ፊውዙ ከመጠን በላይ ከቀጠነ፣ ሞተሩ በተነሣ ቊጥር እየተቃጠለ ሥራ ያስፈታል። ከመጠን በላይ ከወፈረ ቤቱን ያስበላል። ጥሩ መሐንዲስ ሁለቱንም ስሕተት መዝኖ ልኩን ይመርጣል። ባለፊውዙ በአንደኛው ስሕተት ብቻ የሚቀጣ ከሆነ ግን፣ ሁልጊዜ ቀጭኑን ይመርጣል። የሕፃናቱን ሥራ ያለ ምልክት የተወ ይቀጣል፤ የዐዋቂውን ሥራ የሕፃናት ነው ብሎ የዘጋ ግን የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ “እባብ ያየ በልጥ በረየ” እንዲሉ፣ የመጫወቻ ሰብሳቢው፣ የካርቱን ሥዕል አስተማሪው፣ እንደኔ ያለውም የሽቦ መኪና ሠሪ ሁሉ ይደነግጣል። ኮሚሽኑ በ2019 ዓ.ም. የደመቀ ቀለም ወይም የካርቱን ምስል ስላለ ብቻ አንድ ሥራ የሕፃናት ነው እንደማይባል ገልጾ ነበር፤ ፍርሃት ግን ማብራሪያ አያነብም። የወፈረው ፊውዝም ቢሆን ተረት አይደለም። በ2025 ዓ.ም. ዲዝኒ፣ የሕፃናት የሆኑ ቪዲዮዎቹን በትክክል ሳይለይ በመቅረቱ በቀረበበት ክስ 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

አሁን ወደ ተመልካቹ ልለፍ። የሕፃናት ዝግጅት የሚያየው ሕፃን ብቻ አይደለም። እኛ የአባባ ተስፋዬን ተረት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሰምተን ያደግን ሰዎች ምስክሮች ነን። አሜሪካ ወይም እስራኤል የሚኖር ወገናችን እንዲህ ያለውን ተረት ለልጁ ሲከፍት፣ እርሱም አብሮ ልጅነቱን ያያል፤ ከሥሩም ትዝታውን ሊጽፍ፣ ያልገባውን ቃል ሊጠይቅ ይፈልጋል። ምልክቱ ግን ሁለት ክፍል ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ልጅና ወላጅ በአንድ ሶፋ መቀመጣቸው በውስጡ ቦታ የለውም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ምርመራው ከቪዲዮው ወደ ተመልካቹ ፊት ዞሯል። ዩቲዩብ በኦገስት 2025 ዓ.ም. በአሜሪካ የተመልካቹን ዕድሜ ከአጠቃቀሙ የሚገምት ፕሮግራም መሞከር ጀመረ፤ በስሕተት ከ18 ዓመት በታች የተባለ ዐዋቂ መታወቂያውን፣ የባንክ ካርዱን ወይም የፊቱን ፎቶግራፍ አቅርቦ መከራከር አለበት። የሕፃናትን መረጃ ላለመሰብሰብ የተጀመረው ሥራ ወደ ዐዋቂው መታወቂያ ስብሰባ መድረሱን ልብ በሉ። ይህም ባዶ ሥጋት አይደለም። በኦክቶበር 2025 ዓ.ም. ዲስኮርድ የተባለው የመወያያ ድርጅት፣ በሥራ ተቋራጩ በኩል በደረሰ ጥቃት ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ ተጠቃሚዎች መታወቂያ ፎቶግራፍ ሳይጋለጥ እንዳልቀረ አስታውቋል፤ ፎቶግራፎቹም ስለ ዕድሜያቸው ለመከራከር የቀረቡ ነበሩ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ሥርዐቱን የምናቅድ ሰዎች በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ብዙ መስመር አንቁረጥ። መከታተያውን መዝጋት አንድ ነገር ነው፤ የዐዋቂውን አስተያየት መዝጋት ሌላ ነው። የጋራ ለሆነው ተመልካች ሦስተኛ ክፍል ይዘጋጅ።

ሁለተኛ፣ ፕሮግራም የሰጠው ፍርድ ምክንያቱ ይገለጽ፤ ይግባኙንም ሰው ይመልከተው። በተለይ የአማርኛ ናሙና በብዛት ያላየ ፕሮግራም፣ የሚነገረውን ትቶ በሥዕሉና በቀለሙ ቢፈርድ ሊያስደንቀን አይገባም።

ሦስተኛ፣ ዕድሜ ለማረጋገጥ የቀረበ ሰነድ ሥራው እንዳለቀ ይደምሰስ። ያልተቀመጠ ሰነድ አይሰረቅም። አገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። ለአፈጻጸሙ ዝርዝር ጉዳይ በሚጻፍበት ጊዜ የማኅበራችን ድምፅ ሊጠፋ አይገባም። ሕጉ ከታተመ በኋላ ከማማረር፣ ልኩ በሚለካበት ቀን መገኘት ይሻላል።

በመጨረሻ ወደ ሽቦ መኪናዬ ልመለስ። ደንቡን ከወሬ ሳይሆን ከጽሑፉ አንብቤ ምልክቱን አነሣሁ፤ ስሌቱንም እንደ መምህሩ አርሜ ፊልሙን እንደ ገና አወጣሁ። በመካከሉ ባለፉት ወራት ግን ስንት ተማሪ የተሳሳተውን ቊጥር በደብተሩ እንደ ገለበጠ አላውቅም። ልጆቻችንን እንጠብቅ፤ ስንጠብቃቸው ግን የሚያርመንን ሰው ከደጅ አንዝጋበት።