የክሮስ ሜምበር ጥገናና እንክብካቤ

ዕድሜዬን የፈጀሁት ላዳ ታክሲ ሥር ተኝቼ ስለሆነ ምሳሌዬም ላዳ ናት። ቪትዝ የምትሠሩ ልጆች ትንሽ ታገሡኝ።

ላዳ ፊያት 124ን መሠረት አድርጋ በ1970 እ.ኤ.አ. ቶሊያቲ ላይ መመረት ጀመረች። ሶቪየቶች ለመንገዳቸው ብለው አካሏን አጠነከሩ፤ የኋላ ዲስክ ፍሬኗንም በታምቡር ለወጡ። ከሞተሩ ሥር አግድም የሚያልፈው የፊት ክሮስ ሜምበሯ ከታጠፈ ላሜራ የተበየደ ነው። ሞተሩን በሁለት ጎሚኒ ይሸከማል፤ የታችኞቹን ብራቾዎች ይይዛል። ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ምቱ በብራቾው አልፎ እሱ ላይ ያርፋል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። የታችኛው ብራቾ ዘንግ ክሮስ ሜምበሩ ላይ በሁለት ቡሎን ሲታሰር በመሐል ስስ ሮንዴላዎች ይገባሉ። ከሁለቱም ቡሎን እኩል ብትቀንሱ የጎማው ግርጌ ወደ ውስጥ ይገባና አናቱ ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ ብትጨምሩ ተቃራኒው ነው። ከአንዱ ቡሎን ወደ ሌላው ብታዛውሩ ደግሞ መሪው ከኩርባ በኋላ ራሱን የሚመልስበት ኃይል ይለወጣል።

አንድ ታክሲ ነጂ፣ ክሮስ ሜምበሩን ሌላ ቦታ አስበይዶ፣ መኪናዋ ወደ ግራ እየጎተተችው መጣ። «ጋሼ፣ ብየዳው እኮ አልለቀቀም!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያማረ ብየዳ ነበር። የቀኙ ጎማ ግን የውስጥ ጠርዙ ሽቦው እስኪታይ ተበልቷል። ስንፈታው የግራው ሮንዴላዎች ሁሉ ቀኙ ላይ ተደራርበዋል። ለካ የፈታው ሰው አንድ ቆርቆሮ ውስጥ አደባልቋቸው ኖሯል! እዚያ ኋላ ትስቃላችሁ፤ ፊት የተቀመጡት ባለጋራዦች ግን አልሳቁም። ስለዚህ ስትፈቱ ቁጠሩ፤ የየቡሎኑን ለየብቻ በሽቦ አስራችሁ ምልክት አድርጉበት። ስንጥቅ ማንም በያጅ ይደፍነዋል፤ የጠፋ ልክ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

ሰዓት አልቋል እየተባልኩ ነው፤ ርእሱን ላሩጠው። ክሮስ ሜምበሩን ከማውረዳችሁ በፊት ሞተሩን ከላይ በሰንሰለት አንጠልጥሉት፤ ክሪክ ብቻ አትመኑ። ሞላውን በማመቂያ ሳትይዙ ብራቾ አትፍቱ፤ ታምቆ የተቀመጠ ሞላ ሰው ይገድላል። ጭቃና ቅባቱን አጥባችሁ ብረቱ እስኪታይ ፈግፍጉ፤ የቡሎን ቀዳዳዎቹን ዙሪያና የሞተር መቀመጫውን ሥር በደንብ እዩ። የስንጥቁን ጫፍ በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱ፣ በይዱ፣ ላሜራ ደርቡ። ሁለቱን ሰያፎች ለኩ፤ ካልተካከሉ ተጣሟል ማለት ነው። ዝገት ከውስጥ በልቶት በመዶሻ ሲነካ የሚሰረጉድ ከሆነ ለብየዳ አትድከሙ፣ ለውጡት። እንክብካቤው አጭር ነው፦ ክረምት ሲወጣ ጭቃውን ማጠብ፣ ውስጡን ፀረ ዝገት መርጨት፣ ቡሎኖቹን በቁልፍ መፈተሽ፣ ከተነካካ በኋላ አላይመንት ማስለካት።

በሩ አጠገብ አንድ አሮጌ ክሮስ ሜምበር አስቀምጫለሁ። ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል፤ ሁለቱን ሁሉም ያገኛቸዋል። ሦስተኛውን ያገኘ መጥቶ ያሳየኝ፤ ጥያቄም ያለው እዚያው ይጠይቀኝ።