በበጋ ውርጭ ወደ ራስ ደጀን፦ በእሪ በከንቱ የቀረበ ዲስኩር



የዛሬው ንግግሬ በበጋ ወራት በደጋ ተራሮቻችን ላይ ስለሚደረግ የእግር ጉዞ ነው። ሐሳቤ አንድ ነው፦ ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣለትን የስሜን ተራራ መንገድ የአዲስ አበባ ልጅም ሊሄድበት ይገባል። አቅሙም አለው።

የአዲስ አበባዋ ሰፈር እሪ በከንቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከቆላ የመጣ እንግዳ በፒያሳ ዳገት ትንፋሽ ያጥረዋል፤ እናንተ የአራዳ ወጣቶች ግን አድጋችሁበታል። በሽሮ ሜዳ አድርጎ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ ደግሞ 3,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ልምምዱ ከዚያ ይጀመር። ቀጥሎ ሕዝቡ ቄሮ በተባለ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው የመንዝ ጓሳ አለ፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚታዩበት ደጋ ነው።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ጉዞው ከደባርቅ ይነሳል። ማደሪያዎቹ ሳንካበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር ገደማ ናቸው። በየማደሪያው ከፍታው የሚጨምረው በጥቂቱ ስለሆነ ሰውነት ቀስ በቀስ ይለምዳል። ከጨነቅ በኋላ በቧሂት ተሻግሮ ወደ መሸሃ ወንዝ ወርዶ አምቢቆ ይታደራል። በማግስቱ 4,550 ሜትር ገደማ ወደሆነው ራስ ደጀን ይወጣል። በመንገዱ ላይ ጅብራና አስታ የተባሉ ዕፅዋት አሉ፤ በገደሉ ጥግ ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር በዱር የማይገኘው ዋልያ።

በጋ ነው ብላችሁ ግን እንዳትዘናጉ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊቱን ትለቀዋለች፤ ንጋት ላይ ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል። ወፍራም ጃኬት፣ ኮፍያና ጥሩ የመኝታ ከረጢት ሳይያዝ አይኬድም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የያዘው ሰው ከፍ ብሎ አይደር፤ ሕመሙ ከባሰ ወዲያው ይውረድ።

ኑሯቸው በዚያ መንገድ ላይ የተመሠረተ ሰዎች አሉ፦ የፓርኩ ጠባቂ ስካውቱ፣ አስጎብኚው፣ በቅሎ ጫኙ፣ ምግብ አብሳዩ። ባለፉት ዓመታት ግጭት ጎብኚ ሲያርቅ የተጎዳው የእነሱ ኑሮ ነው። እኛ ብንሄድ ገንዘባችን በቀጥታ እነሱ እጅ ይገባል፤ ተራራውን የሚጠብቅ ሰውም ከጥበቃው ይጠቀማል።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ በመጪው ቅዳሜ እንጦጦን ውጡ፤ ለጥር ጓሳን አስቡ። ለስሜን ስትነሱ አስቀድማችሁ የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ አጣሩ፤ አስጎብኚና ስካውት ከዚያው ከደባርቅ ያዙ፤ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። አገራችሁን በእግራችሁ እወቋት።