ዕጣ፣ ትርምስና ትንበያ በፋይናንስ ገበያ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ሰው ነገን ለማወቅ ያለው ጉጉት ከንግድ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የእህል ነጋዴ ደመናውን ያያል፤ ቡና ላኪ የኒውዮርክን ዋጋ ይከታተላል፤ የባንክ ሹም የብድር ጠያቂውን መዝገብ ይመረምራል። ሦስቱም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ነገ ምን ይሆናል የሚለው ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ፣ በፋይናንስ ገበያ ይህ ጥያቄ ምን ያህል መልስ እንዳለውና እንደሌለው መርምሮ ማሳየት፣ ከዚያም የሌላውን ሰው ገንዘብ በአደራ የሚይዝ ባለሙያ ስለ ነገ መናገር የሚገባው እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ ማመልከት ነው።

በመጀመሪያ ሦስት ነገሮችን ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው ዕጣ ነው፤ እንደ ተወረወረ ሳንቲም፣ ያለፈው ውጤት ስለሚመጣው ምንም የማይናገርበት ሁኔታ ነው። ሁለተኛው ትርምስ ነው፤ በዚህኛው ነገሩ በጥብቅ ሕግ የሚመራ ሆኖ ሳለ፣ መነሻው በጥቂቱ ሲለወጥ መድረሻው እጅግ ስለሚራራቅ ለረጅም ጊዜ አስቀድሞ ሊታወቅ አይችልም። ሦስተኛው ሊተነበይ የሚችል ሥርዓት ነው፤ በውል የተወሰነ የብድር መክፈያ ቀንና መጠን ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሦስቱም በገበያ ውስጥ ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ ብዙው ስሕተት የሚመነጨውም አንዱን ሌላው ነው ብሎ ከመውሰድ ነው።

የገበያን ዋጋ በዕጣ ሒሳብ ለመግለጽ ቀድሞ የተነሣው ፈረንሳዊው ሉዊ ባሸልዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ባቀረበው የዶክትሬት ድርሰት የመንግሥት የዕዳ ሰነዶችን ዋጋ መረመረ። አሳቡ ቀላል ነበር። በእያንዳንዱ ዋጋ ላይ አንድ ገዢና አንድ ሻጭ አለ፤ አንዱ ይጨምራል ሲል ሌላው ይቀንሳል ይላል። ስለዚህ ገበያው በጠቅላላው ወደ አንዱ ወገን አያደላም፤ የነጋዴውም አማካይ ተስፋ ዜሮ ነው። ከዚህም በላይ የዋጋው መዋዠቅ ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር እንደሚያድግ አሳየ፤ ይህም ማለት ጊዜው አራት እጥፍ ሲሆን የመዋዠቁ ስፋት ሁለት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። አልበርት አይንስታይን በፈሳሽ ውስጥ የሚንቀጠቀጡ ደቃቅ ቅንጣቶችን በተመሳሳይ ሒሳብ የገለጸው ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1905 ነበር።

ዋጋ ዕጣ የሚመስልበትን ምክንያት አሜሪካዊው ፖል ሳሙኤልሰን በ1965 በሒሳብ አስረዳ። የአንድ አክሲዮን ዋጋ በመጪው ሰኞ ከ100 ወደ 110 እንደሚወጣ ሁሉም ቢያውቅ፣ ሰኞን የሚጠብቅ አይኖርም፤ ሁሉም ዐርብ ይገዛል፤ ዋጋውም ዐርብ ዕለት ይወጣል። የታወቀው ነገር ሁሉ በዛሬው ዋጋ ውስጥ ከገባ፣ ነገ ዋጋውን የሚያንቀሳቅሰው ገና ያልታወቀው ወሬ ብቻ ነው። እንግዲህ የዋጋው ዕጣ መምሰል የነጋዴዎች የትጋት ውጤት እንጂ የስንፍናቸው ምልክት አይደለም።

ይህ በጽንሰ አሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። በ1929 የኒውዮርክ ገበያ ሲወድቅ ትንበያ ሻጮች ሳያስጠነቅቁ መቅረታቸው ያሳሰበው አልፍሬድ ካውልስ፣ ውጤቱን በ1933 ያወጣውን ጥናት አደረገ። የ16 የፋይናንስ አማካሪ ድርጅቶችን ወደ 7,500 የሚጠጉ ምክሮች ከገበያው አማካይ ጋር ሲያነጻጽር፣ ምክራቸው በዓመት 1.4 በመቶ ያህል ከአማካዩ ያነሰ ሆኖ አገኘው። የገበያውን አቅጣጫ የሚተነብዩ ጽሑፎችንም በዕጣ ከወጡ ካርታዎች ጋር አስተያየ፤ ከሁሉ የተሻለው ትንበያ እንኳ በዕድል ከሚገኘው የላቀ መሆኑ አልተረጋገጠም።

የትርምስ ጽንሰ አሳብ የመጣው በሌላ በር ነው። የአየር ጠባይ ተመራማሪው ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1961 አንድን ስሌት በኮምፒዩተር ሲደግም፣ 0.506127 የነበረውን ቁጥር አሳጥሮ 0.506 ብሎ አስገባ። ውጤቱ በመጀመሪያ ከቀድሞው ጋር ተቀራርቦ ሄደ፤ ቆይቶ ግን ፈጽሞ ተለያየ። ጥናቱ በ1963 ታተመ። ሕጉ ሙሉ በሙሉ የታወቀ ቢሆን እንኳ፣ መነሻው ፍጹም እስካልተለካ ድረስ ሩቁ ነገ ይሰወራል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ገበያንና አየርን አንድ አድርጎ መውሰድ ያሳስታል። ደመና ስለ ራሱ የተነገረውን ትንበያ አይሰማም፤ ነገ ይዘንባል ስለ ተባለም መንገዱን አይለውጥም። ገበያ ግን ይሰማል። ዋጋው ይወርዳል የሚለው ወሬ ራሱ ሻጮችን ያበዛል፤ ዋጋውንም ያወርዳል። ጥቅምት 19 ቀን 1987 እ.ኤ.አ. የዳው ጆንስ የኢንዱስትሪ መለኪያ በአንድ ቀን 22.6 በመቶ የወረደበትን ድንጋጤ ካባባሱት ነገሮች አንዱ፣ ዋጋ ሲወርድ በኮምፒዩተር ስሌት እየተመሩ አብዝቶ የመሸጥ ዘዴ ነበር። እያንዳንዱ ራሱን ለማዳን የዘረጋው ዘዴ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲጠቀሙበት የጋራ ጥፋት ሆነ።

በተለመደው የደወል ቅርጽ ስሌት ቢታይ እንዲህ ያለ ቀን ዓለም በኖረበት ዘመን ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሊደርስ አይጠበቅም ነበር። ቤንዋ ማንደልብሮ ግን በ1963 የጥጥን ዋጋ መርምሮ፣ ትልልቅ የዋጋ ዝላዮች ያ ስሌት ከሚለው እጅግ አዘውትረው እንደሚደርሱ አመልክቶ ነበር። ማስጠንቀቂያው ብዙ ሰሚ አላገኘም። በ1997 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሮበርት መርተንና ማይረን ሾልስ ከሸሪኮቹ ጋር የነበሩበት ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የተባለው ድርጅት፣ በነሐሴ 1998 ሩሲያ ዕዳዋን አልከፍልም ባለች ማግስት ተናጋ፤ 14 የገንዘብ ድርጅቶች 3.6 ቢሊዮን ዶላር አዋጥተው ከመፈራረስ ያዙት። ጉድለቱ የዕውቀት ማነስ አልነበረም፤ በብድር ላይ ብድር የቆመ ሥራ ስሌቱ ለሚስትበት ቀን ቦታ አልተወለትም እንጂ።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣ ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 1975 እ.ኤ.አ. የብራዚልን የፓራና ቡና ውርጭ መታው። የቡና ተክል አፍርቶ ለመልቀም ዓመታት ስለሚጠይቅ፣ እጥረት እንደሚመጣ ማንም ሊያውቅ ይችል ነበር፤ ይህ የሚተነበየው ወገን ነው። ዋጋው በየትኛው ወር ጣሪያ እንደሚነካ ግን የሚነግር አልነበረም፤ በ1977 አንድ ፓውንድ ቡና ከ3 ዶላር በላይ ወጣ። በሐምሌ 1989 ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ሲቋረጥ ዋጋው ተንኮታኮተ፤ በ2001 መጨረሻ ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ፤ በየካቲት 2025 ደግሞ ከ4 ዶላር በላይ ደረሰ። በጅማና በሲዳማ ያለው ገበሬ ማሳውንና ድካሙን ሳይለውጥ ኑሮው ከዚህ ዋጋ ጋር ወጣ፣ ወረደ። በከፍተኛው ዋጋ ተስፋ ብድር እንዲወስድ የተመከረ ሰው፣ የመካሪውን ስሕተት የሚከፍለው በበሬውና በልጆቹ ትምህርት ነው።

በ2025 መጀመሪያ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራውን በይፋ ሲጀምር፣ ይህ ጥያቄ ወደዚህ ሙያ ደጃፍ ቀረበ። አክሲዮን ልግዛ ወይስ ልተው ብሎ የሚጠይቅ ጡረተኛ፣ የዕድሜ ልክ ቁጠባውን ይዞ ይመጣል። ለእርሱ ሊሰጠው የሚገባው መልስ በሦስት ይጠቃለላል። አንደኛ፣ ዋጋው ይህን ያህል ይደርሳል የሚል ተስፋ አይሸጥለትም፤ ሊደርስ የሚችለው ከፍታና ዝቅታ በግልጽ ይነገረዋል። ሁለተኛ፣ ሊታወቅ የሚችለው ሁሉ በትጋት ይመረመርለታል፤ የድርጅቱ ዕዳ፣ ገቢ፣ የኦዲት ውጤትና የአስተዳደሩ ጠባይ ዕጣ አይደሉምና። ሦስተኛ፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ የክፉ ቀን መጠባበቂያ አስቀድሞ እንዲለይ፣ ገንዘቡም በብዙ ቦታ እንዲከፋፈል ይመከራል።

ነገን አለማወቅ ለባለሙያ ነውር አይደለም፤ የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ መሸጥ ግን አደራን ማጉደል ነው። ዳኛና ሐኪም ቃላቸው የሚከበረው የሚያውቁትን ከማያውቁት ስለሚለዩ ነው። የዚህም ሙያ ክብር የሚጸናው፣ አባላቱ ለጠያቂያቸው «ይህ ይታወቃል፣ ይህኛው ግን አይታወቅም» ለማለት ድፍረት ሲኖራቸው ነው።